«ሙዱን አምጡ፣ ታሪኩ ራሱ ይከተላል»፤ እውነት ይከተላል?

ሳሙና በር፦
ሰሞኑን እዚህ ጎንደር በተሰጠ የፎቶ ሥልጠና ላይ ለልጆቹ የተነገራቸው ይሄ ነው፦ «የምትወዱትን የዘመኑን ፎቶግራፈር ሙድ አምጡ፣ ታሪኩ ራሱ ይከተላል።» አልቀበለውም። ውጤቱን እያየነው ነው። ጥምቀት ሆነ ሠርግ ሆነ አራዳ ገበያ፣ ሁሉም ላይ ያው ብርቱካንማና ሰማያዊ ፕሪሴት (በአንድ ጊዜ የሚጫን ዝግጁ የቀለም ማስተካከያ) ተጭኗል። አረንጓዴውን ወደ ቡናማ ይገፋዋል፣ ቀይና ቢጫውን ሰብስቦ ብርቱካን ያደርገዋል። የእኛ ቆዳ ያለው እዚያው ብርቱካኑ ውስጥ ነው። የፋሲል ግቢ ድንጋይም ቡናማ ስለሆነ ሙሽራዋና ግንቡ አንድ ቀለም ሆነው ይቀራሉ። ይሄ ምን ታሪክ ያስከትላል?

የቀሃ ዳር፦
ሙድና ፕሪሴትን አንድ አደረግሃቸው። ሙድ ማለት ብርሃኑ ከየት መጣ፣ ሰውየው ከካሜራው ምን ያህል ራቀ፣ ፍሬሙ ውስጥ ምን ያህል ባዶ ቦታ ተተወ ማለት ነው። ፎቶግራፈሯን አይዳ ሙሉነህን ተመልከት። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀለም የተቀባ ፊት። ሙዱን ከሥራዋ ላይ ብታነሣው ምን ይቀራል?

ሳሙና በር፦
ውኃው ይቀራል! እ.ኤ.አ. በ2018 አፋር ዳሎል ላይ የንጹሕ ውኃ ድርጅት ለሆነው ለዋተርኤድ የሠራችው ሥራ የተነሣው ከውኃ እጦትና ከሴቶች ሸክም ነው። ጉዳዩ ቀደመ፣ ቀለሙ ተከተለ። «ራሱ ይከተላል» ያላችሁትን እሷው ገልብጣዋለች።

ቸቸላ 35 ሚሜ፦
ስለ ፎቶግራፈሩ ግርማ በርታስ? በስልክ ያነሣቸውን የአዲስ አበባ መንገደኞች ከኋላቸው ካለው ትዕይንት ቆርጦ አንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ አቆማቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ድጋፍ አገኘ። እዚህ ሲኮረጅ የሚበላሸው ሁልጊዜ ጥላው ነው። ሰውየውን ቆርጠው ጥላውን ይተዉታል፣ ከዚያ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ጥላው ረጅም የሚሆነው ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 በኋላ ነው። በቀትር አንሥታችሁ ጥላ አትፈልጉ። በኤዲቲንግ ጊዜ ጥላውን ለብቻው ሌየር (ንብርብር) ላይ አድርጉና ከታቹን ቀለም በሚያጨልመው በመልቲፕላይ አዋህዱት። የነጠላውን ዘርፍ ደግሞ አጉልታችሁ እዩት፤ በክሮቹ መሐል የድሮው ጀርባ ቀለም ይቀራል። አዲሱ ቀለም ቢጫ ሲሆን ያ ቅሪት ወዲያው ያጋልጣችኋል።

ዘአዘዞ፦
ወንድሜ፣ ለመንገደኛ እሺ። ጥምቀት ላይ ግን ሰውን ከሕዝቡ ቆርጦ ማውጣት ታሪኩን መግደል ነው። ደግሞስ ወጥ ቀለም ላይ የቆመ ሰው ለማየት ስልክ መክፈት ለምን አስፈለገ? በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ቅዱሳኑን ያቆሟቸው ወጥ ቀለም ላይ ነው። በሥዕላችን ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይሳላል። ዓይን ዓይኔን የሚያይ ሰው ምን እንደሚል ይሄ ወግ አስቀድሞ ነግሮናል። ሙድ ካላችሁ ይሄ ሙድ ነው።

ሳሙና በር፦
እህቴ፣ ሙድ አይደለም፣ ትርጉም ነው! ሠዓሊው መጀመሪያ ማን ጻድቅ ማን ክፉ እንደሆነ ወስኗል።

የቀሃ ዳር፦
ወደ ተግባር እንምጣ። ጥር 11 ፋሲል መዋኛ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ ግንቡና ዛፎቹ ገንዳውን ጥላ ውስጥ ያቆዩታል። በጥላው ውስጥ ፍሬሙ በነጭ ልብስ ሲሞላ ካሜራው ነጩን ግራጫ ሊያደርገው ስለሚሞክር ፎቶው ይጨልማል፤ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ፎቶውን ማብሪያና ማጨለሚያውን) +1 አድርጉ። ፀሐይ ነጠላው ላይ ካረፈች በኋላ ግን ያንኑ +1 ከተዋችሁት የጥለቱ ዝርዝር ይቃጠላል፣ አይመለስም። ያኔ ብርሃኑን ነጠላው ላይ ለኩ፣ በሮው (ባልተጨመቀ ጥሬ ፋይል) አንሡ፣ የጨለመውን ፊት በኋላ በኤዲቲንግ አውጡት። ውኃው ሲረጭ በ1/1000 ሰከንድ ጠብታው አየር ላይ ይቆማል፣ በ1/30 መጋረጃ ይሆናል። ሙድ የሚወለደው እዚያ ቁጥር ላይ ነው።

ሳሙና በር፦
ከሁለቱ የቱን እንደምትመርጥ በምን ታውቃለህ? የአንዲትን ልጅ ደስታ ከፈለግህ 1/1000፣ ሕዝቡን እንደ አንድ አካል ከፈለግህ 1/30። ምን እንደምትል ሳታውቅ ቁጥሩን አትመርጥም። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

የቀሃ ዳር፦
አይደለም። ብርሃኑን ዓይተህ እጅህ ቀድሞ የሚዞርበት ጊዜ አለ። ታሪኩን የምትረዳው ፎቶዎቹን ስትደረድር ነው።

ቸቸላ 35 ሚሜ፦
አንዱን ዲያቆን ሦስት ጊዜ «ጧፉን ይዘህ ቁምልኝ» ማለትስ? አይዳም ታቀናብራለች ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ።

ዘአዘዞ፦
እሷ የቀለም ድርሰት መሆኑን አልደበቀችም። አቀናብራችሁ «የጥምቀት ሌሊት» ብላችሁ ስትለጥፉ ነው ውሸት የሚሆነው። ቅዳሴ ማቋረጥ ደግሞ ከነጭራሹ ነውር ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥም ፍላሽ አይነካ፣ ሥዕሉ የሁላችን ነው። ጧፍ ብቻውን ይበቃል፦ የሌንሱ ክፍተት ኤፍ 1.8፣ ፍጥነቱ 1/60፣ የካሜራው ለብርሃን ንቃት አይኤስኦ 3200። ኋይት ባላንሱን (የብርሃኑን ቀለም ማስተካከያ) አውቶ ላይ አትተዉት፣ የእሳቱን ሙቀት ሊያጥበው ይሞክራል። የጧፍ ብርሃን በቀለም መለኪያው 1900 ኬልቪን ገደማ ነው፤ ካሜራውን 3000 ላይ ስታደርጉት ወርቃማነቱ ይቀራል።

ቸቸላ 35 ሚሜ፦
3000 በዝቷል፤ ጥቁር ፊት ላይ ብርቱካን ይሆናል፣ ሳሙና በር የሚጠላው ያ ፕሪሴት መልሶ መጣ። 2500።

ዘአዘዞ፦
ፊቱ ከጧፉ አንድ ክንድ ሲርቅ 3000 አይበዛም። አጠገቡ ሲሆን የሚያስቸግርህ ኬልቪኑ ሳይሆን ኤክስፖዠሩ ነው፤ ቀዩ ቻናል ይሞላል። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) በየቀለሙ ከፍለህ እይ።

ሳሙና በር፦
እሺ 2500ም ይሁን 3000። «ራሱ ይከተላል» ያለ ሰው ግን እስካሁን አንድ የተከተለ ታሪክ አላሳየኝም።

የቀሃ ዳር፦
አሥር ፎቶ አምጣ፣ ጽሑፍ ሳትለጥፍባቸው እንደርድራቸው፣ አሳይሃለሁ።