ከጂፒነት ወደ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ፦ ስንት ዓመት? ከወዲሁስ ምን ልያዝ?

መሐል ሜዳ 27
ሰላም ለቤቱ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ጄኔራል ሰርጀሪ ለመግባት አስቤያለሁ። እስከ መጨረሻው ስንት ዓመት ይፈጃል? ለሬዚደንሲ ፈተናው ምን ላይ ላተኩር? እዚህ ሰርጅን የለንም፤ ድንገተኛ ኦፕሬሽን የሚሠሩት ኢሶዎች (ሐኪም ሳይሆኑ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ ባለሙያዎች) ናቸው። እጄን በምን ላፍታታ? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

ጣርማበር
ሰላም ዶክ። መጀመሪያ ዓመቱን እንቁጠረው። የሕክምና ትምህርቱን ከነኢንተርንሺፑ ጨርሰሃል፣ እሱ ስድስት ሰባት ዓመት ነው። ጄኔራል ሰርጀሪ አራት ዓመት። ከዚያ በላይ ንዑስ ስፔሻሊቲ ካማረህ ሁለት ሦስት ዓመት ፌሎሺፕ አለ። ልብ በል፦ ኦርቶፔዲክስና ኒውሮሰርጀሪ (አጥንትና ነርቭ) የሚገባባቸው ከጂፒነት በቀጥታ ነው። «ጄኔራሉን ልጨርስና አጥንት እገባለሁ» የሚል ሰው እንደገና አር-ዋን (የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት) ሆኖ ከዜሮ ይጀምራል። ምርጫህን ከወዲሁ ለይ።

ፈተናው አገር አቀፍ ነው፤ ምደባውም በማቺንግ፣ ማለትም ውጤትህና ምርጫህ ተዛምዶ ቦታ በሚሰጥበት መንገድ። ሰርጀሪ የሚወድ ሰው የሚሳሳተው ሰርጀሪን ብቻ ሲያነብ ነው። ውስጥ ደዌ፣ ሕፃናትና ማህፀን ላይ የጣልከውን ነጥብ በሰርጀሪ አትመልሰውም፤ የምትወደውን ክፍል ስታነብ ደግሞ ጊዜው ሳታውቀው ነው የሚያልቀው። እንዲያውም ከደካማህ ጀምር።

ከሰርጀሪው ውስጥ ፈሳሽ፣ ሾክ፣ ቃጠሎና አጣዳፊ ሆድን በስሌት እወቅ። ለምሳሌ 60 ኪሎ የሚመዝን፣ 30 በመቶ የተቃጠለ ሰው መጣ። በፓርክላንድ የፈሳሽ ቀመር (4 ሚሊ × ኪሎ × የተቃጠለው መቶኛ) 4 × 60 × 30 = 7,200 ሚሊ ሊትር በ24 ሰዓት፣ ግማሹ 3,600 በመጀመሪያው 8 ሰዓት። 8 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተቃጠለበት ደቂቃ እንጂ ካርድ ካወጣበት አይደለም። ከግሼ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ከደረሰ የቀረህ 5 ሰዓት ነው፣ በሰዓት 720 ሚሊ ማለት ነው። አዲሱ ኤቲኤልኤስ (የአደጋ ሕክምና መመሪያ) ለአዋቂ በ4 ፈንታ ከ2 ሚሊ ይጀምርና በሽንት መጠን እያየ ያስተካክላል፤ የሽንቱ ግብ በሰዓት በኪሎ 0.5 ሚሊ፣ ለዚህ ሰው 30 ሚሊ። ብዙ ሰው ቀመሩን ያውቀዋል፤ የሚወድቀው ሰዓቱ ላይ ነው።

ስፖንሰር የሚሆንህን መሥሪያ ቤት ውል ደግሞ ሳትፈርም አንብበው። ከምርቃት በኋላ ስንት ዓመት፣ የት እንደምታገለግል የሚወስነው እሱ ነው።

ሬትራክተር
ስለ እጅህ እኔ ልመልስ። በግ የሚታረድበት አገር ላይ ተቀምጠህ ሲሙሌተር አትፈልግ። በዓል ሲመጣ የበግ ትንሹን አንጀት በሁለት ክንድ ያህል ለምነህ ውሰድ፣ አጥበህ መሐሉን ቁረጠውና መልሰህ ግጠመው። 3-0 ቪክሪል (የሚሟሟ ክር)፣ ከጠርዙ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር፣ በስፌትና በስፌት መካከል 5 ሚሊ ገደማ። መጀመሪያ ሁለቱን ማዕዘን ያዝ፦ የሜሴንተሪውን (አንጀቱን ይዞ ደም ሥር የሚያመጣለትን ስስ ሽፋን) ጎንና ተቃራኒውን። ጥንካሬው ያለው ሰብሙኮሳ (ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ያለው ንብርብር) ላይ ነው፤ መርፌህ እሱን ከሳተ ክሩ ሥጋውን እየቀደደ ይወጣል። ሲያልቅ አንዱን ጫፍ እሰረው፣ በሌላው በኩል በሲሪንጅ ቀይ ሻይ ሙላበት። ሻዩ ብዙ ጊዜ የሚያፈተልከው በሜሴንተሪው ጎን ነው፣ ስቡ ጠርዙን ስለሚደብቀው። አጥብቆ መቋጠርም አይረባም፤ ያነቅኸው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞትና ከቀናት በኋላ ይከፈታል።

ቋጠሮውን በየማታው ተለማመድ። ባዶ የሻይ ስኒ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ፣ ስኒው ሳይነቃነቅ ጆሮው ላይ ቋጥር። እሱ ሲለምድህ ጠለቅ ያለ የወተት ጣሳ ውስጥ፣ ታች በተተከለ ሽቦ ላይ። ለሐር ሦስት ዙር ይበቃል፤ ናይለንና ፕሮሊን ግን ስለሚያዳልጥ አምስት ስድስት ዙር ይፈልጋል። በየዙሩ እጅህን ካላቀያየርክ የሚወጣው የሚንሸራተት ቋጠሮ ነው። ትክክለኛው ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ በዓይን ይለያል።

የይፋት ልጅ
የሬትራክተር ምክር ሸጋ ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። ማቺንግ ላይ ቋጠሮህን የሚያይ የለም። ፈተናው እስኪያልፍ ጣሳውን ለቅዳሜ ማታ ተወውና አንብብ።

የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚያስተምርህ ሌላ ነገር አለ፣ ሪፈር ማድረግ። በእኛ ደጋ የሲግሞይድ ቮልቩለስ (የትልቁ አንጀት ታችኛ ክፍል መጠምዘዝ) እንግዳ አይደለም። ሆዱ ተነፍቶ፣ ፈስና ሰገራ ተከልክሎ የመጣ ሽማግሌ ኤክስሬይ ላይ የቡና ፍሬ መስሎ የተነፋ አንጀት ካሳየ አስብበት። የሆድ መጠንከር፣ ትኩሳት ወይም በፊንጢጣ ደም ከሌለ በሲግሞይዶስኮፕ (በፊንጢጣ በሚገባ ማያ መሣሪያ) ቱቦ ገብቶ አየሩ ይለቀቃል። እነዚህ ካሉ ግን ቱቦ አይሞከርም፤ ሆዱ ይከፈታል። የሞተውን አንጀት ደግሞ ሳይቆርጡ መፍታት የለም፣ መርዙን ወደ ደም መልቀቅ ነው። ሌላው ችግር አየሩ ሲወጣ ሕመሙ ወዲያው ጸጥ ማለቱ ነው። ቤተሰብ «ዳነ» ብሎ ይዞት ይሄዳል፣ መጠምዘዙ ግን ይመለሳል። ስለዚህ አንጀቱ የሚቆረጥበት ቀጠሮ ሳይያዝ አይሸኝ።

ደብረ ብርሃን ስትልከው ኤንጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ)፣ ሁለት የደም ሥር መስመር፣ የሽንት ካቴተር፣ አንቲባዮቲክ፣ የደም ዓይነት፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት። በየኬሱ ደብተር ያዝ፦ ቀን፣ ምርመራ፣ የተሠራው፣ ያንተ ድርሻ፣ የተፈጠረ ችግር። የበሽተኛ ስም አትጻፍ።

ኢሶዎቹን አሲስት አድርግ፣ አታፍር። ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ሦስት ዓመት የሠለጠኑት ለዚሁ ለድንገተኛው ነው፤ በቄሳርና በአፔንዲክስ ከማንኛችንም ጂፒ ይበልጣሉ።

ሌላ መንገድም አለ፦ ኮሴክሳ፣ የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ። ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ ነው፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ የአባልነት ፈተና፣ በአምስተኛው የፌሎሺፕ። ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል በፓክስ (የክርስቲያን ቀዶ ሐኪሞች የአፍሪካ ማሠልጠኛ ድርጅት) የሚሰጠው ሥልጠናም አምስት ዓመት ነው።

መሐል ሜዳ 27
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ብቻ፦ ክሩን ከየት ላምጣ? የበሽተኛ ክር መንካት አልፈልግም።

ሬትራክተር
ቀኑ ያለፈበት ክር ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ አይጠፋም። የክፍሉን ኃላፊ ነርስ ጠይቃት፣ መዝግባ ትሰጥሃለች። ካርቶኑ ላይ በማርከር «ለልምምድ» ብለህ ጻፍና ቤትህ አስቀምጠው፣ ተመልሶ ኦፕሬሽን ክፍል እንዳይገባ።