ድሬ ላይ ቻናል ለየብቻ ለመቅዳት የትኛው ሚክሰር? ጥቆማ

«ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው ኳየራችን ሊቀዳ ነው፣ የእያንዳንዱን ማይክ ድምፅ (ቻናል) ለየብቻ የሚያወጣ ሚክሰር እንግዛ ወይስ እንከራይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ በስልክ ያላዳረስኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ ሌላውም ይጠቀምበታል።

ታይዋን ገበያ ስትገቡ «ዩኤስቢ አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም «አለው» ይላችኋል፣ ውሸትም አይደለም። መጠየቅ ያለባችሁ «በዩኤስቢ ስንት ቻናል ለየብቻ ያወጣል?» ብላችሁ ነው። ለምሳሌ ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩን እዩ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ግን ወደ ኮምፒውተር የሚልከው 2 ቻናል ብቻ ነው፤ ማለትም ተደባልቆ ያለቀውን። ከበሮው ዘማሪዋን ከዋጣት በኋላ ቤት ወስዳችሁ የምታስተካክሉት ነገር የለም።

ለእናንተ የምመርጠው ቤሪንገር ኤክስአር18ን ነው። 18 ቻናል ወደ ላፕቶፕ ይልካል፣ 18 መልሶ ይቀበላል። እላዩ ላይ ፌደር (ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚደረግበት ተንሸራታች) የለውም፣ በታብሌት ወይም በላፕቶፕ ነው የሚሠራው፤ ፌደር በጣቱ መግፋት የለመደ ልጅ መጀመሪያ ይከብደዋል። አደራ፣ ከኤክስአር16 ጋር እንዳታምታቱት። መልካቸው ተቀራራቢ ነው፣ ኤክስአር16 ግን ፍላሽ ላይ ስቴሪዮ (ተደባልቆ ያለቀውን ግራና ቀኝ) ብቻ ነው የሚቀዳው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኤክስአር18 የሚታዘዝበትን ፕሮግራም፣ ኤክስ ኤር ኤዲትን ከፍታችሁ «ኢን/አውት» ውስጥ «ዩኤስቢ ሴንድስ» የሚለውን ግቡ። ከ1 እስከ 16 ያሉት ማይኮቹን በየተራቸው እንደያዙ ይቆዩ፣ የሚወሰድበት ቦታ ደግሞ «አናሎግ» ይሁን። ያኔ ሳውንድ የያዘው ልጅ ለአዳራሹ ብሎ ፌደር ቢያወርድ፣ ኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ማስተካከያ) ቢነካ ቀረጻው አይነካም። ጌይን (ከማይኩ የሚገባው ድምፅ መጠን) ግን ቀረጻውን ይነካል፤ ስለዚህ ጌይኑን በልምምድ ሰዓት ጨርሱትና እጃችሁን አንሡ። 17 እና 18 ላይ የሜይኑን (ወደ አዳራሹ ስፒከር የሚሄደውን ድብልቅ) ግራና ቀኝ ብታስገቡ፣ የዕለቱ ድምፅ እንዴት እንደነበር ማስታወሻ ይሆናችኋል።

የሰርግ ሳውንድ አከራዮች ጋ ከሄዳችሁ ደግሞ የቤሪንገር ኤክስ32 ሚክሰር ፈልጉ፤ 32 ቻናል ይሰጣል። ሳትከፍሉ በፊት ጀርባውን እዩ፤ የዩኤስቢ ካርዱ ተነቅሎ በሌላ ካርድ የሚተካ ዓይነት ነው፣ ሚክሰሩ ኖሮ ካርዱ ላይኖር ይችላል። «ራውቲንግ» (የትኛው ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ የሚመረጥበት) ውስጥ «ካርድ አውት» የሚለው ገጽ ቻናሎቹን በ8 በ8 እያሰረ ነው የሚያሳየው። ማይኮቹ ቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ከተሰኩ «ሎካል 1-8»፣ «ሎካል 9-16» እያላችሁ ምረጡ። በስቴጅ ቦክስ (መድረክ ላይ ማይኮች በሚሰኩበት ሳጥን) ከመጡ ግን ቦክሱ የተሰካበትን የኤኢኤስ50 መሰኪያ ምረጡ። ይህን ሳያዩ የቀዱ ሰዎች ቤት ገብተው ሲከፍቱት ባዶ ትራክ ነው የሚጠብቃቸው።

እኔን ራሴን የጎዳኝን ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ማታ ልምምድ ቀድቼ ለማዳመጥ ብዬ በዚያው ራውቲንግ ውስጥ «ኢንፑትስ»ን (ሚክሰሩ ድምፅ የሚቀበልበትን) ከሎካል ወደ ካርድ፣ ማለትም ከማይኮቹ ወደ ላፕቶፑ ቀየርኩት። ሳልመልሰው ዘጋግቼ ወጣሁ። እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞልቷል፣ መሪዋ ማይኩን አንሥታ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ስትል ከፊት ወንበር ያለፈ የሰማት የለም። ኬብል ቀየርን፣ ማይክ ቀየርን፣ ስፒከር ነቅለን ሰካን። ሚክሰሩ የሚጠብቀው ድምፅ ከጠፋው ላፕቶፕ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሲን (ሚክሰሩ ውስጥ በስም የሚቀመጥ ማስተካከያ) አስቀምጣለሁ፤ አንዱ «ቀረጻ»፣ ሌላው «ማዳመጫ»። ከመውጣቴ በፊት «ቀረጻ» ላይ መልሼው ነው የምሄደው።

ላፕቶፕ አንፈልግም ካላችሁ ዙም ላይቭትራክ ኤል-12 አለ፤ 12 ትራክ ኤስዲ ካርድ ላይ ለየብቻ ይቀዳል። ለኳየር ይጠባል። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ዝክሪ (የሐረሪዎችን መንፈሳዊ ዜማ) መቅዳት ለሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ አልመክርም፤ ጥቂት ማይክ ለድምፅ፣ ለከበሮውና ለካባሉ (እርስ በርስ ለሚመታው እንጨት)፣ በቃ።

ለመቅጃ ላፕቶፑ ላይ ሪፐር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ፣ 60 ቀን በነፃ ትሞክሩታላችሁ። ዊንዶውስ ላይ የሚክሰሩን አሲዮ ድራይቨር (ብዙ ቻናል በአንዴ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባውን) መጫን እንዳይረሳ። ሌላው የመቅጃ ፕሮግራም ኦዳሲቲ እንደሚወርደው ሆኖ ለብዙ ዓመታት አሲዮ ሳይደግፍ ስለቆየ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። ሚክሰሩና ሪፐሩ ሁለቱም 48 ኪሎኸርዝ ላይ ይሁኑ። 16 ቻናል በ24 ቢት ለ1 ሰዓት ወደ 8.3 ጊጋባይት ይበላል፤ ቦታ አስለቅቁ። ኬብሉ ያው የፕሪንተሩ ነው፣ ኮምፒውተር ቤት ሁሉ ይገኛል፤ ከ5 ሜትር ግን አይለፍ።

አቦ፣ መብራቱን ደግሞ አትርሱ! ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ሚክሰሩ የለውም። መብራት ብልጭ ሲል ሚክሰሩ ከጠፋ ቀረጻው እዚያው ይቆረጣል። ትንሽም ብትሆን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ለሚክሰሩ ይኑር፤ ከኪራይ ዕቃ ጋር ስለማይመጣ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

በዓመት አንድ ሁለቴ ከሆነ ተከራዩ። በየሳምንቱ ከሆነ ግዙ። ከተከራያችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ዕቃውን ውሰዱና እያንዳንዱን ማይክ በጣት መታ መታ እያደረጋችሁ የየትኛው ትራክ መብራት እንደሚዘል እዩ። ቅዳሜ ከሰዓት ከዚራ ሰፈር ነኝ፤ ላፕቶፑንና ኬብሉን ይዛችሁ ኑ፣ ድራይቨሩን አብረን እንጭነዋለን።