ስውር ጦርነት፣ ህቡዕ ጦርነት ወይስ እጅ አዙር?

ሰላም የቃላት ወዳጆች፣ እስቲ አንድ ነገር አግዙኝ። ለቶም ሃንክሱ «ቻርሊ ዊልሰንስ ዋር» (በፈረንጆቹ የ2007ቱ) ሰብታይትል እየሠራሁ ነው፣ የቴክሳሱ ኮንግረስማን ሶቭየቶችን ለሚወጉት የአፍጋን ሙጃሂዶች በሲአይኤ በኩል ብርና መሣሪያ የሚያጎርፍበት ፖለቲካዊ ኮሜዲ። «ከቨርት» (covert፣ በድብቅ የሚሠራ) የምትለዋ ቃል አስቸገረችኝ። «ስውር» ብዬ ነበር ግን ስውር ሲባል የዋልድባ ስውራን አባቶች ናቸው ትዝ የሚሉኝ 😂 «ህቡዕ» ይሻላል?

— ህቡዕማ አይሆንም። ህቡዕ የሚገባው መንግሥት የሚያሳድደው ሰው ነው፣ በቀይ ሽብር ጊዜ «እገሌ ህቡዕ ገባ» ከተባለ ቤት እየቀያየረ በሐሰት ስም ይኖራል ማለት ነው። ዊልሰን ከማን ሸሸ? የአፍጋኒስታን በጀት ስንት ነው ብሎ ጠይቆ 5 ሚሊዮን ዶላር ሲሉት እጥፍ አድርጉት ብሎ እብስ! እኔ ብሆን «ውስጥ ለውስጥ» እል ነበር፣ «ውስጥ ለውስጥ እየረዷቸው ነው» ብትል እናቴም ትረዳዋለች።

— ለንግግር ቆንጆ ነው ግን «የውስጥ ለውስጥ ጦርነት» ካልክ ተመልካቹ የእርስ በርስ ይመስለዋል። የኔ ድምፅ ለ«እጅ አዙር» ነው፣ «የእጅ አዙር ቅኝ አገዛዝ» እንል የለ። መሣሪያው ራሱ መጀመሪያ ላይ ሆን ተብሎ የሶቭየት ሞዴል ነበር የሚመረጠው፣ ከግብፅና ከቻይና ይገዛል፣ ሳውዲ አሜሪካ ያወጣችውን ያህል ትጨምራለች፣ ከዛ ለፓኪስታኑ የስለላ ድርጅት ለአይኤስአይ ይሰጥና እሱ ነው ለሙጃሂዶቹ የሚያድለው፣ እና አንድ ክላሽ ቢማረክ ማን ላከው ብትል ማንም የለበትም። ስንት እጅ እንደዞረ ቁጠረው።

— ሚዲያው እኮ «የውክልና ጦርነት» ነው የሚለው።

— እሱ ለ«ፕሮክሲ» ነው እህቴ፣ አትቀላቅይው። ውክልና ስለሚዋጋው ነው፣ እጅ አዙር ስለሚሰጠው።

— ሁላችሁም መደበቁ ላይ ተጣበቃችሁ እንጂ ማን ተደበቀ? ሬገን በ1983 የሙጃሂድ ተወካዮችን ኋይት ሀውስ አስገብቶ አብሯቸው ፎቶ ተነስቷል፣ በ1986 ደግሞ ስቲንገር ገብቶ ሄሊኮፕተር ሲጥል ሚሳይሉ የአሜሪካ እንደሆነ ሞስኮም ታውቃለች። በአማርኛ ይሄ የአደባባይ ምስጢር ነው የሚባለው፣ ፊልሙም የሚያስቀው በዚሁ ነው፣ ሁሉም እያወቀ ሁሉም «የለሁበትም» ይላል። ጦርነት የሚለውን ቃል ራሱ ብትተወውስ? «የእጅ አዙር ድጋፍ» በለውና ተገላገል።

— ኧረ ተባረኩ! እንግዲያው ሲአይኤዎቹ በቢሮ ቋንቋ ሲያወሩ «ስውር ዘመቻ» ላድርገው፣ ዊልሰን ሲያወራ «ውስጥ ለውስጥ»፣ ለሌላው «እጅ አዙር»። የሲአይኤውን ሰው ሆኖ የሚተውነው ፊሊፕ ሲይሞር ሆፍማን አለቃውን እየተሳደበ የቢሮውን መስታወት የሚሰብርበት ቦታ ላይ ግን ስድቦቹን በጨዋ አማርኛ ማን ያምጣልኝ? በኢንቦክስም ይሁን፣ እዚህ ልጆች አሉ።