ሐይቁ አጠገብ የገዛነውን ቤት ራሳችን ቀለም ልንቀባ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ አዲስ ገቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ፣ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ቤት ገዝተን ልንገባ ነው። ለባለሙያ የሚከፈል ስለሌለን ቀለሙን እኔና ባለቤቴ ልንቀባው ነው፤ ሁለታችንም ሩሎ ይዘን አናውቅም።

ሳሎኑ 5 በ4 ሜትር ነው። አሮጌ ቀለም አለው፤ በእጅ ሲነካ ነጭ ዱቄት ይለቃል። በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ድረስ ጠቁሯል፣ ላዩ ላይም ጨው የመሰለ ነገር አውጥቷል። መኝታ ቤቱ 4 በ3.5 ሲሆን ልስኑ አዲስ ነው፤ ያለቀው መስከረም 28 ነው። የሁለቱም ቁመት 2.8 ሜትር። ሳሎኑ አንድ በርና ሁለት መስኮት፣ መኝታ ቤቱ አንድ በርና አንድ መስኮት አላቸው፤ ሁሉም ብረት ናቸው፣ ዝገት ጀማምሯቸዋል።

ሱቅ ስንጠይቅ 3 ጋሎን ፕላስቲክ ቀለም ለሁለቱም ይበቃል ተባልን። አንድ ዘመዳችን ደግሞ «እርጥበቱን በዘይት ቀለም ምቱት፣ ይደፍነዋል» ይላሉ። ዛሬ ጥቅምት 5 ነው፤ ለኅዳር ሚካኤል እንግዳ ጠርተናል። ይደርስልናል?

መልስ፦ ሙያተኛው

እህቴ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ይደርሳል፣ ግን የዘይት ቀለሙን ነገር ተዉት። ውኃው ከመሬት ተነሥቶ በብሎኬቱና በልስኑ ውስጥ ወደ ላይ እየተሳበ ነው የሚመጣው። ግድግዳው ፊት ላይ ሲደርስ ውኃው ይተናል፣ ይዞት የመጣው ጨው ይቀራል፤ ያያችሁት ነጭ ነገር እሱ ነው። ፊቱን በዘይት ቀለም ስትዘጉት ውኃው መውጫ ያጣል። ከኋላ እየገፋ ቀለሙን ያሳብጠውና ይልጠዋል፤ ወይም ቀለሙ ያለቀበትን ፈልጎ ከፍ ብሎ ይወጣል። ከዓመት በኋላ ልስኑ ራሱ እየተፈረፈረ ይወርዳል።

የጣና ውኃ ከፍ የሚለው ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ግድም ነው፤ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ። ስለዚህ አሁን የምታዩት ግድግዳው በዓመት ውስጥ ክፉኛ የሚረጥብበትን ጊዜ ነው። ለምርመራ ጥሩ ወቅት ነው፤ የረጠበውን ቦታ ለመቀባት ግን አይሆንም።

መጀመሪያ ውጭ ውጡና የግድግዳውን ግርጌ እዩ። አፈሩ ከውስጡ ወለል ከፍ ብሏል? የጣሪያው ውኃ በአሸንዳ ይሄዳል ወይስ እዚያው ግርጌው ላይ ይንጠባጠባል? ማርሻፔዲ (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያ የሚፈስ የሲሚንቶ ንጣፍ) አለው? ካለስ ተሰንጥቆ ወይም ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነው? ቀጥሎ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉና የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከተንቀሳቀሰ የተበሳ ቧንቧ አለ፣ እርጥበቱ ከሐይቁ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ እርጥብ የሚመስለው ቦታ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉና ለ24 ሰዓት ተዉት። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ ግድግዳውን በሚነካው በኩል ከሆነ ውኃው ከግድግዳው ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት በመክፈት ይስተካከላል። ያገኛችሁትን ንገሩን።

ምላሽ፦ አዲስ ገቢ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጠብታው ከግድግዳው በኩል ነው። ውጭ ያለው አፈር ከወለላችን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ አሸንዳውም በዚያ በኩል የለም። ቆጣሪው አልተንቀሳቀሰም።

መልስ፦ ዓባይ ማዶ

መንሥኤው ተገኝቷል ማለት ነው። በዚያ ግድግዳ ርዝመት ልክ አፈሩን ቆፍራችሁ ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ወደ ውጭ አዘንብሉት፤ በ60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። ማርሻፔዲ የምታስፈስሱት ገንዘብ ሲገኝ ነው፤ አፈሩ መውረዱና አሸንዳው መግባቱ ግን ለነገ አይባልም። ቦታችሁ ጥቁር አፈር ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ሲረጥብ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ውኃ አቁሮ ግርጌውን ያጠጣል።

ጨውን በውኃ አትጠቡት። ውኃው አሟሙቶ መልሶ ያስገባዋል። በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፣ ከወለሉም ጠርጋችሁ አውጡት፤ እንደገና ሲወጣ እንደገና አራግፉ።

ያ ግድግዳ ለኅዳር አይደርቅም። ግንቦት ድረስ የሚተነፍስ ነገር ብቻ ነው የሚገባው፤ እሱም ኖራ ነው። ከወለሉ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ በውኃ ልክ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በታች ያለውን አሮጌ ቀለም ልስኑ እስኪታይ ፋቁ፣ አለበለዚያ ኖራው አይዝም። የተነከረ ኖራ በወንፊት አጥልላችሁ አሳድሩና ወተት እስኪመስል አቅጥኑት፤ ግድግዳውን ረጠብ እያደረጋችሁ 3 ቀጭን እጅ ምቱ። ወፍራም አንድ እጅ ሲደርቅ ይረግፋል። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል። ከመስመሩ በላይ የመረጣችሁትን ቀለም ስትቀቡ ሳሎኑ ሆን ተብሎ በሁለት ቀለም የተሠራ ይመስላል፣ እንግዳም ችግሩን አያውቅም። ሶፋውን ከዚያ ግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት፣ አየር ይለፍ።

መልስ፦ ሩሎ

እኔ ስለ መጠኑ ልናገር፤ 3 ጋሎን አይበቃችሁም። ሳሎኑ ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ በ2.8 ሲባዛ 50.4 ካሬ ይሆናል። በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 45 ካሬ ይቀራል። መኝታ ቤቱ 15 በ2.8፣ 42 ካሬ፤ ሲቀነስለት 38። ጠቅላላው 83 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በተዘጋጀ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ያዳርሳል። በ9 ብንይዘው ለ2 እጅ ከ18 ሊትር በላይ ይፈልጋል። ጋሎኑ 4 ሊትር ከሆነ 5 ጋሎን ማለት ነው፤ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ሊትር ግን አንብቡ፣ ሁሉም እኩል አይደለም። ለመነሻው እጅ ደግሞ 2 ጋሎን ጨምሩ። በኖራ የሚያዘው ክፍል ትንሽ ስለሆነ ሒሳቡን አያናጋውም። ኮርኒሱን ከነካችሁ ለብቻው አስሉት።

ሁሉንም የላይኛ ቀለም በአንድ ጊዜ ግዙና በትልቅ ባልዲ አንድ ላይ አዋሕዱት። ቀለሙ ሱቅ ውስጥ የተደባለቀ ከሆነ ሁለተኛ ዙር የሚደባለቀው በጥቂቱም ቢሆን ይለያል፤ ልዩነቱም ግድግዳው መሐል ላይ ይታያል።

መኝታ ቤቱን ጥቅምት 26 ድረስ አትንኩት። የሲሚንቶ ልስን 28 ቀን ያህል ሳይቆይ ከተቀባ ውስጡ ያለው ውኃና አልካሊ ቀለሙን ያበላሻል፤ ቦታ ቦታ ይደበዝዛል፣ ይላጣል። እስከዚያ መስኮቱን ቀን ቀን ክፈቱት።

አሁን ሳሎኑን ጀምሩ። ዱቄት የሚለቅ ቀለም ላይ ምንም ጥሩ ቀለም ቢቀባ ከዱቄቱ ጋር ይላጣል። በስፓቱላ የሚነሣውን ሁሉ አንሡ፤ ከዚያ በውኃ በራሰ ስፖንጅ እጥቡና አንድ ቀን ይድረቅ፤ ጨው ያለበትን ግርጌ ስፖንጁ አይንካው። ስንጥቁን በስፓቱላ ጫፍ ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ፣ አቧራውን አራግፋችሁ ስቱኮ (የግድግዳ መሙያ ለጥፍ) ሙሉት። ስቱኮ በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ይሰነጠቃል፤ ጥልቅ ጉድጓድ በሁለት በሦስት ጊዜ ነው የሚሞላው። ሲደርቅ ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት፣ ማጠናቀቂያው ላይ 180። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ከታሸ በኋላ አቧራውን በራሰ ጨርቅ ማንሣት ብዙ ጀማሪ የሚዘለው ሥራ ነው፤ የሩሎ ቀለም ተጠቅልሎ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ፦ የግንበኛ ልጅ

ለመነሻው እጅ ለብቻው ፕራይመር ከመግዛት ያንኑ ፕላስቲክ ቀለም በውኃ አቅጥኖ መምታት አይሻልም? ርካሽ ነው።

መልስ፦ ሩሎ

ለመኝታ ቤቱ አዲስ ልስን ይሆናል፤ ለ4 ሊትር ቀለም 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ። ዱቄት ለሚለቀው ሳሎን ግን አይሆንም። ውኃ የበዛበት ቀለም የሚያጣብቀው ነገር ስለሚሳሳ ዱቄቱን አይይዘውም። እዚያ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ፕራይመር ያስፈልጋል። ሲደርቅ በጥቁር ጨርቅ እሹት፤ ጨርቁ ካልነጣ ቀጥሉ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ከላይ ወደ ታች፦ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ በርና መስኮት፣ በመጨረሻ ዞኮሎ (በወለሉ ዳር ያለው የግድግዳ ግርጌ ጠርዝ)። ጠርዙን በብሩሽ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያዙና ሳይደርቅ በሩሎ ተከተሉት። አንዳችሁ ብሩሽ፣ ሌላችሁ ሩሎ ብትይዙ የተመቸ ነው፤ የክፍሉን ጠርዝ ሁሉ ቀድሞ ጨርሶ ከዚያ ሩሎ መጀመር ዙሪያውን እንደ ክፈፍ የሚታይ መስመር ይተዋል። ሩሎውን አትጫኑት፤ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ቀለም አልቆበታል። አንድ ግድግዳ ከተጀመረ ሳይጨርሱ ምሳ መውጣት የለም። በሁለቱ እጆች መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምራችሁ 10 ሰዓት ላይ አቁሙ። ሲመሽ መብራት አብርታችሁ መስኮት ከፍታችሁ ከሠራችሁ የሐይቁ ዳር ነፍሳት ሁሉ እርጥቡ ቀለም ላይ ያርፋሉ። አንድ ቢለጠፍ አትንኩት፤ ሲደርቅ በብሩሽ ይራገፋል፣ በእርጥቡ ከተነካ ይበላሻል።

መልስ፦ ሙያተኛው

የብረቱን እኔ ልጨርስ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፋቁ። በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በራሰ ጨርቅ ጠርጉና በዚያው ቀን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ምቱ፤ ባዶ ብረት በዚህ እርጥበት ካደረ እንደገና ይዝጋል። የዘይት ቀለም ቦታው እዚህ ነው፦ 2 ቀጭን እጅ፣ በመካከሉ 24 ሰዓት። አኳራጅ ከአሥር አንድ እጅ በላይ አይግባበት፣ ይንጠባጠባል። መስታወቱን ቀድማችሁ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ንቀሉት።

ብሩሽ ያጠባችሁበትን አኳራጅ ወደ ቦይ አትድፉት፤ ከእናንተ ቦይ የወጣ ሁሉ መድረሻው ሐይቁ ነው። በክዳን ጠርሙስ አስቀምጡት፣ ቆሻሻው ይዘቅጣል፣ የላዩ እንደገና ይሠራል።

ምላሽ፦ አዲስ ገቢ

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ ቀረን። ባለቤቴ በትርፍ ጊዜው ሥዕል ይሞክራል፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ታንኳ ያለበት ትልቅ ሥዕል መሳል ፈልጓል። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሳል?

መልስ፦ የዘጌ ልጅ

እርጥበት ባለው ቤት በቀጥታ አይሳል። እዚሁ ዘጌ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ገዳማት የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሠርተው ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፉት። እናንተም ጨርቅ ላይ ሥሩት፤ እንጨት ላይ ወጥራችሁ ስቀሉት እንጂ አትለጥፉት፣ ግድግዳው ሲታደስ ይነሣል።

ወፍራም አቡጀዴ ግዙ፣ ታጥቦ ይድረቅ፣ አለበለዚያ በኋላ ይሸበሸባል። 120 በ80 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥሩት፤ ከአራቱም ጎን መሐል ጀምራችሁ ወደ ማዕዘን እየሄዳችሁ በትናንሽ ምስማር። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መሐሉ ይረግብበታል። ጨርቁ በየጎኑ ተርፎ በክፈፉ ጀርባ 5 ሴንቲ ሜትር ይታጠፍ። አንድ እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ በ4 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ቀቡት፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ የተረፋችሁን ነጭ ፕላስቲክ ቀለም 2 ቀጭን እጅ፣ በመካከሉ በቁጥር 220 ቀስ ብሎ ማሸት። ሥዕሉ በአክሪሊክ ይሁን። የዘይት ቀለም ባዶ ጨርቅ ላይ ከነካ ክሩን እያደር ያበሰብሰዋል።

ንድፉን በትንሽ ወረቀት ላይ ሠርቶ በቁመቱም በወርዱም 10 ቦታ እኩል ይክፈለው፤ ጨርቁንም እንዲሁ ከፍሎ ሳጥን በሳጥን ያሸጋግር፣ የወረቀቱም የጨርቁም ልኬት 3 ለ2 ከሆነ አይዛባም። ታንኳው ውኃው ላይ የሚቆምበትን መስመር አስቀድሞ ይወስን። የደንገል ታንኳ አፍንጫው ቀና ያለ ነው፣ ሆዱ ግን ውኃው ውስጥ ይሰምጣል፤ ጀማሪ ሁሉ ሆዱን ከውኃው በላይ ስለሚስለው የሚንሳፈፍ አይመስልም።

ሲሰቀል ከጀርባው አራት ማዕዘን ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ቁራጭ ለጥፉ፣ አየር ይለፍበት። የደንገል ምንጣፍ ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ከተጣበቀ ጀርባው ይሻግታል። ብሎኬቱ ባዶ ሆድ ስላለው ትራፓኖውን ሳይመታ በመሽከርከር ብቻ ብሱ፣ 8 ቁጥር ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) አስገቡ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይም በታችም አትብሱ፣ ሽቦው የሚያልፈው በዚያ ነው።

መልስ፦ ሩሎ

አንድ ነገር ልጨምር። ከላይኛው ቀለም 1 ሊትር ያህል አስቀሩ። ጣሳው እስከ አፉ እንዲሞላ ወደ ትንሽ ዕቃ ገልብጡት፣ ክፍት አየር ከበዛበት ቀለሙ ቆዳ ይይዛል። የቀለሙን ስም፣ የድብልቁን ቁጥርና የተገዛበትን ቀን በክዳኑ ላይ ጻፉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ጥላ ቦታ አስቀምጡት፤ ግንቦት ላይ ግርጌው ደርቆ ኖራውን ፍቃችሁ ስትቀቡ ይሄው ቀለም ያስፈልጋችኋል።