ክርስትና እናት ማን ትሁን? የሴት ልጅ ክርስትና በባሕር ዳር

የጥቅምት ልጅ እናት
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሴት ልጃችን የተወለደችው ጥቅምት 5 ነው፣ ባሕር ዳር ነን። ክርስትና እናት እንድትሆንልን የምንፈልጋት ጎረቤታችን ከእኅት አትለይም፣ ግን ሙስሊም ናት። ካልሆነ የባለቤቴ እኅት አለች። አማቴ ደግሞ ወደ ጣና ገዳማት፣ ክብራን ገብርኤል ወይም ዘጌ ወስደን እናስነሣት ይላሉ። ቀኑ መቼ ይውላል? ምንስ እናዘጋጅ?

ዘጣና
እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ የተወለደችበትን ቀን ጨምረሽ ቁጠሪ፦ ከጥቅምት 26 ቀን፣ ከኅዳር 30፣ ከታኅሣሥ 24፤ 80 ሞላ። ታኅሣሥ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ሊጨናነቅ ይችላል፣ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። (ሐምሌና ነሐሴ ለወለዳችሁ፦ ጳጉሜን አትርሱ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።) እግዚአብሔር አያድርገውና ከታመመች 80 አይጠበቅም፤ ካህን ይጠራል፣ አንቺ ባትገቢም ሌላ ሰው ይዟት ይገባል።

ጎረቤታችሁን በተመለከተ አይሆንም፣ ምክንያቱም ንቀት አይደለም። ክርስትና እናት ልጅቷን ይዛ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ትክዳለች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ በክርስቶስ ታምናለች፣ ጸሎተ ሃይማኖትንም በልጅቷ ፈንታ ትደግማለች። ይህን የማታምን ሴት እንዲህ በይ ማለት እሷንም መበደል ነው።

የአጥቢያው ሰው
የባለቤትሽ እኅት ትችላለች። እኔ ግን ከዘመድ ውጭ ፈልጉ እላለሁ፤ አክስት መቼም አክስት ናት፣ አበልጅ ግን አዲስ ቤተ ዘመድ ይዞ ይመጣል። ንስሐ አባት ያላት፣ የምትቆርብ፣ እዚሁ ከተማ የምትኖር ሴት ምረጡ። ልጅቷን ማቁረብ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላት ጾም ማስለመድ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ማድረስ የእሷም ሥራ ነው፤ በስልክ አይሆንም።

አንድ ነገር በደንብ አስቡበት። የክርስትና ዝምድና ጋብቻ ይከለክላል። የክርስትና እናቷ ወንድ ልጅ ለልጅሽ ወንድሟ ነው። «ልጆቻችንን እናጋባለን» የምትባባሉት ጓደኛ ካለች እሷን ተዉአት። ከሃያ ዓመት በኋላ ተክሊል (የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ) ሊደረግ ሲል የሚታወስበት ቤት አለ፣ ያኔ ለሁሉም ከባድ ነው።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፣ ስለዚህ አንቺም ክርስትና እናቷም ውጭ ልትቀሩ ነው። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴት ይገባል፤ ግን ለንጋቱ ጸሎት ለመድረስ እዚያው ማደር አለባችሁ፣ በታኅሣሥ ብርድ ለሕፃን አልመክርም። አጥቢያችሁ ላይ አስነሷት፣ ዘጌን በኋላ ተሳለሙ።

እማሆይ ልጅ
ስለ ዝግጅቱ፦ ሁለት ፎጣ (አንዱ ይረጥባል)፣ ነጭ ልብስ፣ ማዕተብ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ። ሜሮን (ቅዱሱን ዘይት) ከግንባሯ እስከ እግሯ 36 ቦታ ስለምትቀባ ከፊት ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ልብስ አልብሷት። በጭንቅላት የሚወልቅ ጠባብ ልብስ ካህኑንም ያስቸግራል፣ ልጅቷንም ያስለቅሳል። በዚያው ዕለት ስለምትቆርብ ጡት የምታቆሚበትን ሰዓት ካህኑን ከዋዜማው ጠይቂ፣ ከቆረበችም በኋላ እንዳታስመልስ ቶሎ አታጥቢያት።

የክርስትና ስሟን ካህኑ ሲጠራ አንድ ሰው ወዲያው ይጻፈው። ስትቆርብም፣ ንስሐ ስትገባም፣ ስታገባም የምትጠራው በዚያ ነው። ምስክር ወረቀቱን ስትቀበሉ ስሙ ከመዝገቡ ጋር መግጠሙን እዚያው ቆማችሁ አስተያዩ፤ «ወለተ ማርያም»ና «ወለተ ኪዳን» ሲቀያየሩ ይታያል።

የጥቅምት ልጅ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድግሱስ? ለጎረቤታችን በሙስሊም የታረደ ለብቻ ልናዘጋጅ ነበር።

ዘጣና
ሥጋ የለም እኮ! ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ የሱፍ ፍትፍት ካላችሁ ሁሉም ከአንድ መሶብ ይበላል። የጣና ዓሣ የሚል ሰው ከመጣ ንስሐ አባታችሁን ሳትጠይቁ አታቅርቡ። ጎረቤታችሁን ደግሞ ቀድማችሁ ራሳችሁ ሄዳችሁ ንገሯት፣ ከሌላ ሰው አትስማ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ልጅቷን በር ላይ የምትቀበላችሁ እሷ ትሁን።