ጥቆማ፦ በጥር ብርድ የጀልባና የውሃ ሞተር ጠዋት እንዲነሣ ምን ልግዛ? ማን ጋ ልሂድ?

ከታኅሣሥ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሞተሬ አልነሣ አለኝ፤ ምን ልግዛለት?» አንዱ ባሕር ዳር ሽምብጥ ላይ ጀልባ ያለው ነው፣ ሌላው ፎገራ ላይ ሽንኩርት የሚያጠጣ። የሞከርኩትን ሁሉ እዚህ ልጻፈውና ለሁላችሁም ይሁን።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከጣና ሐይቅ የሚመጣው እርጥበት ይጨመርበታል። ለሰው ጋቢ የሚያስለብስ ብርድ ነው። ሞተር ግን ከዚህ የባሰ ይችላል።

ባለፈው ጥር ወደ ዘጌ ያደረስኩት አንድ እንግዳ አገሩ አላስካ ነው፤ ትንሽ አውሮፕላን ያበርራል። ገመዱን ደጋግሜ ስስብ አይቶ ጨዋታ ጀመርን። እነሱ ጋ ሞተሩን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ የዘይት ቋቱ ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለጥፈው ያሳድሩታል። ላይኮሚንግ የተባለው የአውሮፕላን ሞተር አምራች ለአብዛኞቹ ሞተሮቹ ቀድሞ ማሞቅን የሚመክረው ብርዱ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በዚያ ብርድ ዘይቱ እንደ ማር ይወፍርና ላይኛው ክፍል ቶሎ አይደርስም። የሞተሩ አካል ደግሞ አሉሚኒየም ነው፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ዘንግ ብረት። አሉሚኒየም በብርድ የብረትን እጥፍ ያህል ስለሚኮማተር በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠብባል። ዘይቱን ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅም አይበቃም አለኝ፤ ሞተሩ በሙሉ እስኪሞቅ ሰዓታት ይፈልጋል።

እኛ ከዚያ በብዙ እንርቃለን። ስለዚህ ማሞቂያ የሚሸጥላችሁ ሰው ከመጣ ገንዘባችሁን ያዙ። ዘይት፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) እና ባትሪ ላይ አውሉት።

ዘይቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በመስኖ ሥራ የምናውቀው ትንሹ ባለ አራት ስትሮክ የቤንዚን ሞተር የሚይዘው ዘይት ጥቂት ነው። ሆንዳ ጂኤክስ 200 ለምሳሌ 0.6 ሊትር ብቻ። አምራቹ ለአብዛኛው ሥራ የሚመክረው 10ደብልዩ-30 የተባለውን የዘይት ዓይነት ነው። መለዋወጫ ቤት ስትሄዱ ግን ብዙ ጊዜ 40 ቁጥር የሚባለውን ወፍራም ዘይት ያወጡላችኋል። 40 ቁጥር ቀን ላይ ያሠራል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ገመዱን ስትስቡ ግን ክንዳችሁ ልዩነቱን ያውቃል። እኔ ሁለቱን በሁለት ማንኪያ አድርጌ ደጅ አሳድሬ አይቻለሁ። ጠዋት ሳዘነብላቸው 10ደብልዩ-30ው ወዲያው ፈሰሰ። 40 ቁጥሩ የማንኪያው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ዱብ አለ። ከ«ደብልዩ» በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቀጭን ሆኖ ይቆያል። ሌላው ነገር፣ የታሸገውን ግዙ። ከበርሜል የሚቀዳው ይረክሳል፣ ቁጥሩን ግን የምታረጋግጡበት መንገድ የለም።

ባለ ሁለት ስትሮክ፣ ማለትም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት የጀልባ ሞተር ያላችሁ ደግሞ ለብርዱ ብላችሁ ዘይት አታብዙ። የሞተራችሁ መመሪያ 50 ለ 1 ካለ 50 ሊትር ቤንዚን ላይ 1 ሊትር ዘይት ነው፣ በቃ። ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁርና ጭራሽ አይነሣም።

ካንዴላ ላይ እኔ ራሴ ተጎድቻለሁ። ካርቶኑ ከዋናው የማይለይ ገዝቼ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰባት ተሳፋሪ ይዤ ከዘጌ ስመለስ መሐል ውሃ ላይ ቆምኩ። አንዲት እናት ልጃቸውን አቅፈው ዝም ብለው ያዩኝ ነበር፤ ያ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ በነጩ ሸክላ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥፍሬ ሳልፍቅ አልገዛም። ከለቀቀ እመልሰዋለሁ። ብልጭታው የሚዘልበትን ክፍተትም አስለኩ፤ ለጂኤክስ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። አንድ መለዋወጫ ሁልጊዜ ኪሳችሁ ይኑር።

መካኒክን በተመለከተ፣ ለጀልባ ሞተር ትልልቅ ጋራዦችን አልመርጥም። ናፍጣና ባጃጅ ላይ ጎበዞች ናቸው። የጀልባ ሞተር ግን የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ስለሆነ፣ በደረቁ ካስነሡት ውሃ የሚስበው ጎማ ይቃጠላል። እኔ የምሄደው ውሃው ዳር የሚሠሩት ጋ ነው። ምልክት ልንገራችሁ፦ ደጁ ላይ ውሃ የሞላ በርሜል አስቀምጦ ሞተሩን እዚያ ውስጥ ነክሮ የሚያስነሣ ከሆነ ሥራውን ያውቃል። በርሜል ከሌለው ሞተራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ለውሃ ሞተር ወረታ ያሉት መካኒኮች ይበቃሉ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እሱን ነው።

ማስነሻ ስፕሬይ፣ ማለትም ሞተሩ አየር የሚስብበት ላይ የሚነፋውን ተቀጣጣይ፣ አልመክርም። በተለይ ለባለ ሁለት ስትሮክ፣ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ ብረት ለብረት ያፋጫል።

ሽፋን ግን ያዋጣል። ላስቲክ አታልብሱት፤ እርጥበቱን አፍኖ ያሳድራል፣ ጠዋት ስትገልጡት ውስጡ ላብ ነው። የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ ልጆች ጋ ወፍራም ሸራ አሰፉ፣ ከታች ክፍት ይሁን። ማታ ታንኩን ሞልታችሁ አሳድሩ፤ ባዶው ቦታ ሌሊት ውሃ ይቋጥራል። አምፖል አብርተው ሞተር ሳጥን ውስጥ የሚያሳድሩም አይቻለሁ። የድሮው ቢጫ አምፖል እውነትም ያሞቃል፣ አሁን ገበያው ላይ ያለው ኤልኢዲ ግን ሙቀቱ ትንሽ ነው። ቤንዚን ባለበት ቤት ቢጫውንም ቢሆን አታድርጉት።

የመጨረሻው ለጄኔሬተር አከራዮች ነው። በጥር ሠርግ ይዛችሁት ደብረ ታቦር ስትወጡ ከባሕር ዳር ወደ 900 ሜትር ከፍ ብላችኋል፤ ብርዱ አምስት ስድስት ዲግሪ ይጨምራል። እዚያ ቀድሞ የሚከዳው ባትሪው ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ባትሪ ቤት ስትመርጡ ሌሊቱን በቀስታ የሚሞላውን ምረጡ፣ በሁለት ሰዓት አድርሼ እሰጣለሁ የሚለውን ተዉት። ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ማሳየት አለበት፤ ቮልት መለኪያው ላይ በዓይናችሁ እዩ። ደብረ ታቦር ካደራችሁ ደግሞ ባትሪውን ፈታችሁ እናንተ የምታድሩበት ቤት አስገቡት።