ጥቆማ፦ ለአጥንትና ለለስላሳ አካል ካንሰር (ሳርኮማ) የቱ ማዕከል ይሻላል?

ጠያቂ፦ ጭን ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ፣ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እብጠት። ሕመም የለውም። አልትራሳውንዱ «ላይፖማ (ካንሰር ያልሆነ የስብ እብጠት) ሳይሆን አይቀርም» ይላል። አጠቃላይ ቀዶ ሕክምና «በዚህ ሳምንት አውጥተን እንገላገለው» ይላል፤ የአጥንት ሆስፒታሉ ቅድሚያ ባዮፕሲ (ናሙና ወስዶ መመርመር) ይላል፤ የሳርኮማ ማዕከሉ ሩቅ ነው፣ ወረፋም አለው። የቱን ትጠቁማላችሁ?

የዕጢ ቀዶ ሐኪም፦ ወረፋ ቢኖረውም ሦስተኛውን። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነና ከጡንቻ ሽፋን በታች ያለ እብጠት፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ እንደ ሳርኮማ ነው የሚያዘው። አለማመሙ አያዘናጋ፤ ብዙዎቹ የለስላሳ አካል ሳርኮማዎች አያሙም። «እንገላገለው» ተብሎ ወጥቶ ውጤቱ ሳርኮማ ሲሆን፣ ደም የደረሰበት ቦታ ሁሉ የዕጢ ሕዋስ እንደነካው ይቆጠራል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ጠባሳውንና የድሬን (ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ) ቀዳዳውን ሳይቀር አብሮ ያነሳል፤ በቀላሉ ይዘጋ የነበረው ቁስል ከሌላ ቦታ ቆዳና ጡንቻ አምጥቶ መሸፈን ሊያስፈልገው ይችላል።

የሁለተኛው አማራጭ ችግር ባዮፕሲው ሳይሆን የሚሠራው ሰው ነው። መርፌው የሄደበት መንገድ በኋላ ከዕጢው ጋር ተቆርጦ እንዲወጣ፣ ቀዳዳው ዋናው ቀዶ ሕክምና በሚከፈትበት መስመር ላይ መዋል አለበት። መስመሩን የሚያውቀው ደግሞ ያንን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ነው። ባለ 14 ወይም 16 ጌጅ (የውፍረት መለኪያ) መርፌ፣ በአንድ ቀዳዳ በርከት ያሉ ናሙናዎች፣ ከደም ሥርና ከነርቭ ራቅ ብሎ። ክፍት ባዮፕሲ ግድ ከሆነ በእግሩ ርዝመት ይቀደዳል እንጂ በፍጹም አግድም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የ597 ታካሚዎች ጥናት፣ ባዮፕሲው በሚያክመው ማዕከል ሳይሆን በላኪው ተቋም ሲሠራ ስህተትና ጉዳት ከ2 እስከ 12 እጥፍ እንደሚበዛ አሳይቷል።

ቅደም ተከተሉም አይገልበጥ። መጀመሪያ ኤምአርአይ፣ ከዚያ ባዮፕሲ፤ አለዚያ የመርፌው ደም ምስሉን ያደበዝዘዋል። የአጥንት ዕጢ ከሆነ ሙሉ አጥንቱ ከመገጣጠሚያዎቹ ጋር በኤምአርአይ ምስል ይታይ፤ እዚያው አጥንት ውስጥ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሁለተኛ ዕጢ ሊኖር ይችላል። ደረት በሲቲ፤ ሳርኮማ ብዙውን ጊዜ የሚዛመተው ወደ ሳንባ ነው።

ፓቶሎጂስት፦ በሐኪሙ እስማማለሁ፤ ስለ ላቦራቶሪው ግን ልጨምር። የሳርኮማ ዓይነት ከ70 በላይ ስለሆነ ዘወትር እሱን የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። ለዚህ እብጠት ዋናው ጥያቄ «ኤምዲኤም2» የተባለው ጂን ተባዝቷል ወይ ነው፤ ተራ ላይፖማንና ስብ መሳዩን ላይፖሳርኮማ በማይክሮስኮፕ ብቻ መለየት ያስቸግራል። ይህን ምርመራ የማይሠራ ወይም የማያስልክ ቤት ከዝርዝሩ ይውጣ።

ለአጥንት ናሙና ደግሞ በምን እንደሚያለሰልሱት ጠይቁ። ጠንካራ አሲድ ይፈጥናል፣ ግን ዲኤንኤውን ይሰባብርና የጂን ምርመራው ያለ ውጤት ይመለሳል። ኢዲቲኤ የተባለው ማለስለሻ ይዘገያል፣ ጂኑን ያተርፋል። ለምርምር የሚቀዘቅዘው ቁራጭ ፎርማሊን ሳይነካው ነው የሚለየው፤ ስለዚህ ፈቃዱ ከባዮፕሲው በፊት ይፈረም።

የኬሞ ፋርማሲስት፦ ይህ ስለ ኦስቲዮሳርኮማ (የአጥንት ካንሰር ዓይነት) ለሚያነቡ ነው። ሜቶትሬክሴት የተባለውን የኬሞ መድኃኒት በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 12 ግራም የሚሰጥ ማዕከል በደም ውስጥ ያለውን መጠን በዚያው ቀን መለካት ካልቻለ፣ ሕንጻው ቢያምርም አልጠቁምም። ሽንት በባይካርቦኔት ፒኤች 7 ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይደረጋል፣ ሉኮቮሪን (የሜቶትሬክሴትን ጉዳት የሚመክት መድኃኒት) ሜቶትሬክሴቱ መሰጠት ከተጀመረ በ24ኛው ሰዓት ገደማ ይጀመራል፣ የሜቶትሬክሴቱ መጠን በደም ውስጥ ከ0.1 ማይክሮሞል በሊትር እስኪወርድም አይቆምም። ሜቶትሬክሴት ከሰውነት መውጣቱን የሚያዘገዩት ብዙ ጊዜ ማንም ልብ የማይላቸው ናቸው፦ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኦሜፕራዞል፣ ኮትሪሞክሳዞል። የደረት ወይም የሆድ ውኃም እንዲሁ መድኃኒቱን አቁሮ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ኩላሊት ቢደክም ግሉካርፒዴዝ (ሜቶትሬክሴትን በደም ውስጥ የሚሰባብር መድኃኒት) ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ወረፋውስ? ጨረር ቢያስፈልግ ከቀዶ ሕክምናው ቀድሞ ነው በኋላ? ጥናት ውስጥ መግባትስ ይመከራል?

የዕጢ ቀዶ ሐኪም፦ ቀጠሮው እስኪደርስ እጅዎን አጣጥፈው አይጠብቁ። የኤምአርአዩን ሙሉ የምስል ፋይል ይላኩ፣ ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ የማዕከሉ ቡድን ታካሚው ሳይመጣ ምስሉን አይቶ ባዮፕሲውን ሊያቀድም ይችላል።

ጨረር ቀድሞ ከሆነ 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በ25 ጊዜ ነው፤ በኋላ ከሆነ ከ60 እስከ 66። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው የንጽጽር ሙከራ የቁስል ችግር ቀድሞ በወሰዱት 35 በመቶ፣ በኋላ በወሰዱት 17 በመቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ እግርን የሚያደርቀው ጠባሳ ግን በኋለኛው ይበዛል። ቁስል ይድናል፣ የደረቀ እግር ግን አይፈታም፤ ለጭን እኔ ቀድሞ የሚሰጠውን እመርጣለሁ።

ጥናት ካለ ይግቡበት፤ ሁለቱ ቡድኖች ምን እንደሚያገኙ ግን በጽሑፍ ይጠይቁ። ማዕከሉ ያለፉትን ውጤቶች ተከትሎ መሥራቱንም ይመልከቱ። ዩራሞስ 1 በተባለው ጥናት ለኬሞ ደካማ ምላሽ ላሳየ ኦስቲዮሳርኮማ ኢፎስፋሚድና ኢቶፖሳይድ የተባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ቢጨመሩ ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አልታየም። ዛሬም በልማድ የሚጨምር ቤት ካለ፣ ለምን እንደሆነ ያስረዳ።